ሱስን ከውስጥ ለማከም ስንሞክር የምንሳሳተው

ጫት ላቁም ባልኩ ቁጥር የምሰማው ምክር አንድ ነበር፤ «ወኔ ይኑርህ»። ሰኞ አቆማለሁ፣ ሐሙስ እጀምራለሁ፣ ዓርብ ራሴን ስሰድብ እውላለሁ። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ሱሱን እንደ ጠላት መግጠም።

ኢንተርናል ፋሚሊ ሲስተምስ የሚባል የሥነ ልቦና ሕክምና አለ። አሜሪካዊው ሪቻርድ ሽዋርትዝ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የጀመረው ነው። በዚህ አካሄድ ውስጣችን አንድ ሰው ብቻ አይደለም ያለው፤ የድሮ ሕመም ተሸክሞ የተደበቀ ክፍል አለ፣ ያ ሕመም ብቅ እንዳይል ቀን ከሌት የሚጠብቅ አለ፣ ሕመሙ ካመለጠ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፍስሶ የሚያዳፍን «እሳት አጥፊ» አለ። ሱስ የእሳት አጥፊው ሥራ ነው። እሱን ብትደበድቡት ቃጠሎው አይበርድም። ይልቅ ጠይቁት፦ «ዛሬ ባትመጣ ምን ይፈጠራል ብለህ ትፈራለህ?»

እኔን በዚህ መንገድ የምታክመኝ ባለሙያ ይህን ስትጠይቀኝ የመጣብኝ ቤታችን ነው። አባቴ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ጭር ይላል። ካደግኩ በኋላ በርጫ የምቀመጠው በዚያው ሰዓት ነበር። ዓመታት ሙሉ አላስተዋልኩትም።

ሁለተኛው፣ ምርቃና ላይ የተወራን ነገር እንደ ሕክምና መቁጠር። በርጫ ላይ ስንቱ ይወራል! እናለቅሳለን፣ ይቅር እንባባላለን፣ አዲስ ሕይወት እናቅዳለን። ማታ ጨብሲ፣ ጠዋት ድብርት፤ ከተወሰነው አንዱም የለም። ቁስሉን መንካት ያለባችሁ አእምሯችሁ ጠርቶ ሳለ ነው።

ጥድፊያም አለ። በመጀመሪያው ቀጠሮ የልጅነትን ጉድ ሁሉ ዘርግፎ መውጣት ጀግንነት ይመስላል፣ ግን ጠባቂው ክፍል ሳይፈቅድ የተከፈተ ቁስል የዚያኑ ዕለት ማታ መልሶ ወደ መጠጥ ቤት ይልካል።

መጠጥ ካልኩ አይቀር፣ በየቀኑ ብዙ የምትጠጡ ከሆነ በራሳችሁ ድንገት አታቁሙ። እባካችሁ። የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ እንደሚጥል በሽታ ያለ መውደቅ ሊያመጣ ይችላል፤ ሊገድልም ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ የውስጡ ሥራ ይደርሳል።

ደግሞ ተመልሳችሁ ከጀመራችሁ አትደብቁ። እኔ አፍሬ ሁለት ቀጠሮ ቀርቻለሁ። በሦስተኛው ስሄድ ባለሙያዋ «ስንት ጊዜ ቃምክ?» አላለችኝም። «ከመግዛትህ በፊት ምን ሆነ?» ነው ያለችው። እናቴ ደውላ ነበር። የአባቴ ሙት ዓመት መድረሱን ልታስታውሰኝ።