«ዳንኩበት» ሲባል፦ ስለ አማራጭ ሕክምና የሚነገር የግል ምስክርነትን እንዴት እንመዝን?

አንድ ሰው «ይህን ቅጠል አፍልቼ ጠጥቼ ዳንኩ» ሲል መጠጣቱንና መዳኑን ራሱ ያየው ነው፤ የዳነው በመጠጣቱ መሆኑ ግን ግምቱ ነው። ምስክርነትን መመዘን የሚጀምረው የታየውን ከተገመተው በመለየት ነው። ለዚህም ተናጋሪውን በውሸት መጠርጠር አያስፈልግም፤ አብዛኛው ሰው የሚናገረው በቅንነት ነው።

የግል ምስክርነት ከናካቴው ዋጋ የለውም በሚለው አስተያየት አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1775 ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ አንዲት አሮጊት በምስጢር ይዛው በቆየችው የቤተሰብ መድኃኒት፣ ሐኪሞች ያቃታቸውን፣ ሰውነት ውኃ ቋጥሮ የሚያብጥበትን ሕመም አልፎ አልፎ ታድናለች መባሉን ሰማ። በመድኃኒቱ ውስጥ 20 ያህል ዕፅዋት ነበሩበት፤ እርሱ ግን የሚሠራው ዲጂታሊስ የተባለው ተክል ብቻ መሆኑን ለየ። ከዚያ በኋላ ለዐሥር ዓመታት ያህል መጠኑን እያስተካከለ በሕሙማን ላይ ሞከረው፤ በ1785 ውጤቱን ሲያሳትምም የዳኑትን ብቻ ሳይሆን ያልተሻላቸውንና መድኃኒቱ የጎዳቸውንም ጭምር መዝግቦ አቀረበ። ከዚሁ የተክል ወገን የሚገኘው ዲጎክሲን ዛሬም ለአንዳንድ የልብ ሕሙማን ይታዘዛል። የአሮጊቷ ወሬ ጥያቄውን አስነሣ፤ መልሱ የተገኘው ግን ያልዳኑትን ከቆጠረው መዝገብ ነው።

ስለዚህ ምስክርነት ሲሰሙ በመጀመሪያ በሽታው ምን እንደነበረና ማን እንዳረጋገጠው ይጠይቁ። «ካንሰር ነበረብኝ» የሚል ሰው ናሙና ተወስዶለት በላቦራቶሪ ተረጋግጦለት ነበር ወይስ እብጠት አይቶ ጠርጥሮ ነው? ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣለት በኋላ የወሰደውን ቅመም የሚያመሰግን ሰውም ጥቂት አይደለም። አብሮ የተወሰደ ሌላ መድኃኒት፣ የተለወጠ አመጋገብ ወይም የተገኘ ዕረፍት ካለ ታሪኩ የአንድ ነገር ታሪክ መሆኑ ይቀራል።

ቀጥሎ የሚመጣውና ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ጥያቄ፣ በሽታው ምንም ባይደረግለት ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለው ነው። ጉንፋን በሳምንት፣ ቢበዛ በዐሥር ቀን ገደማ ይለቃል፤ ድንገተኛ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀላል፤ በእጅና በእግር ቆዳ ላይ የሚወጣ ኪንታሮትም ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ማይግሬን፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የቆዳ ማሳከክ ደግሞ አንዴ ብሰው አንዴ ረገብ ይላሉ። ሰው አዲስ መድኃኒት ፍለጋ የሚነሣው ሕመሙ በጠናበት ቀን ነውና ከዚያ ቀን በኋላ ምንም ቢወስድ የተሻለ ቀን ማየቱ አይቀርም፤ ምስጋናውንም በመጨረሻ የተወሰደው ነገር ይወስደዋል።

የምስክሮቹ መብዛትም ብቻውን አያሳምንም፤ ያልተሻለው ሰው ዝም ይላል፣ የሞተውም አይመሰክርም። አፕሪኮት ከተባለው ኮክ መሰል ፍሬ ዘር የሚሠራው ሌትሪል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እጅግ ብዙ ሰዎች ካንሰርን አዳነን ብለው የመሰከሩለት ነበር። በ1982 ውጤቱ ይፋ በሆነው ጥናት 178 የካንሰር ሕሙማን ወስደውት የሚጨበጥ ጥቅም ያልተገኘበት ከመሆኑም በላይ፣ በአንዳንዶቹ ደም ውስጥ የሳያናይድ መርዝ ወደ አደገኛ ደረጃ ተቃርቦ ተገኝቷል።

ጉዳትን በሚመለከት ግን ሚዛኑን መቀየር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅየም ውስጥ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅዋት ያለበት ኪኒን የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው በፍጥነት መድከሙን ያስተዋሉት ሐኪሞች፣ የተነሡት በእጃቸው ከነበሩ ጥቂት ሕሙማን ነበር፤ በኋላም አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለው መርዝ ተገኘ። «አዳነኝ» የሚለውን ለማመን ብዙ ማስረጃ እንፈልጋለን፤ «ጎዳኝ» የሚለውን ሰምቶ ለመጠንቀቅ ግን አንድ የታመነ ሰው ይበቃል። ለተሳሳተ ተስፋና ለተሳሳተ ጥንቃቄ የሚከፈለው ዋጋ እኩል አይደለምና።

በራስዎ ላይ መሞከር ካሰቡ፣ ሙከራው ቀላልና የቆየ ለሆነ ሕመም ብቻ ይሁን፤ ለስኳር፣ ለሚጥል በሽታ ወይም ለኤችአይቪ የታዘዘልዎትን መድኃኒት አቋርጠው አይሞክሩ። ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ሕመሙን ከዜሮ እስከ ዐሥር እየሰጡ በየማታው ይጻፉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩ፣ መመዝገብዎን ሳያቋርጡም ለተመሳሳይ ጊዜ ይውሰዱት፤ ከዚያ ይተዉትና ሕመሙ ይመለስ እንደሆነ ይዩ። ሲወስዱት የሚቀል፣ ሲተዉት የሚመለስ፣ እንደገና ሲጀምሩት ዳግም የሚቀል ከሆነ ታሪክዎ ከተራ ወሬ ከፍ ይላል፤ እርግጥ ተስፋ ራሱ ሕመምን ስለሚያቀል የመጨረሻ ማረጋገጫ አይሆንም። የሚወስዱትን ለሐኪምዎ ይንገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀም ችግር ላይ ይወድቃል። ለምሳሌ ለድብርት የሚወሰደው ሴንት ጆንስ ወርት የተባለው ተክል የእርግዝና መከላከያ እንክብልንና የአንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችን ኃይል ይቀንሳል።

ተራው ደርሶ እርስዎ መስካሪ ሲሆኑም ጠያቂ ቢሆኑ ኖሮ ሊሰሙት የሚፈልጉትን ሁሉ ይንገሩ፦ «ራሴን በሳምንት ሦስት ቀን ያመኝ ነበር፤ ሐኪም ማይግሬን ነው ብሎኛል፤ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ የሚያመኝ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሆኗል፤ ነገር ግን በዚያው ሰሞን የሌሊት ሥራ ትቼ እንቅልፌን አስተካክያለሁ፤ እኅቴ ወስዳው አልሠራላትም።» እንዲህ ያለው ምስክርነት እንደ «ዳንኩበት» አፍ አያስከፍት ይሆናል፤ ሰሚው ግን ለመወሰን የሚያስፈልገውን ያገኝበታል።