«ያድግበታል» እና ሌሎች የልጅ ልብስ ሳይዝ ስህተቶች

ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ የአሜሪካ፣ የቱርክ፣ የቻይናና የእንግሊዝ የሕፃን ልብስ አንድ ክምር ላይ ተደባልቆ ታገኛላችሁ። ሁሉም ላይ ቁጥር አለ፣ ቁጥሮቹ ግን አይግባቡም። አንዱ ወር ይጽፋል፣ ሌላው ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው ደግሞ ዓመት። እኔን ብትጠይቁኝ የሚታመነው ሴንቲ ሜትሩ ነው። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው እሱን ትተን ወሩን ስናምን ነው።

በዕድሜ መግዛት

«የስንት ወር ነው?» ይላል ሻጩ። እንነግረዋለን፣ ያወጣልናል፣ ቤት ስንደርስ አይሆንም። እያንዳንዱ ብራንድ በሐሳቡ የያዘው ልጅ የተለያየ ነው። የፈረንሳዩ ፔቲ ባቶ «24 ወር» የሚለው ልብስ 86 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ልጅ የተሰፋ ነው። የስፔኑ ዛራ «ከ18 እስከ 24 ወር» የሚለው ደግሞ ለ92 ሴንቲ ሜትር ነው። ወሩ አንድ ሆኖ በቁመት 6 ሴንቲ ሜትር ይለያያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዕድገት መለኪያ የሁለት ዓመት ልጅ አማካይ ቁመት ለወንድ 87፣ ለሴት 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የአንዱ ልክክ ሲል የሌላው እጅጌ ጣት ይሸፍናል።

የአሜሪካዎቹ ነጠላ ቁጥር ሌላ ወጥመድ አለው። ካርተርስ የሚባለው ብራንድ ላይ «6 ወር» ካለ ከ3 እስከ 6 ወር ማለት ነው። ስድስት ወር ሞልቷት ወደ ሰባት የምትሄድ ልጅ ያ ልብስ እያጠራት ነው። «9»ን አንሱላት።

የቻይናዎቹ 59፣ 66፣ 73፣ 80፣ 90 ብዙ ሰው የፋብሪካ ኮድ ይመስሉታል። የልጁ ቁመት በሴንቲ ሜትር ናቸው። ከአውሮፓዎቹ 62፣ 68፣ 74፣ 80፣ 86 ጋር በትክክል ባይገጥሙም ቋንቋቸው አንድ ነው።

ሳይለኩ መውጣት

ልጁን አስተኝታችሁ፣ እግሩን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ከአናቱ እስከ ተረከዙ ለኩት። የልብስ ሰፊ ሜትር ከሌለ ክር ይበቃል፤ ክሩን በኋላ ማስመሪያ ላይ ትዘረጉታላችሁ። ወገቡን ስትለኩ ግን ዳይፐሩ ወይም ጨርቁ እንደታሰረ ይሁን። ልጁ ወፍራም ከሆነ ክብደቱንም ያዙ፤ ክትባት ስትሄዱ ጤና ጣቢያ የመዘኑት ኪሎ ይጠቅማል። ብዙ ልብስ ላይ ኪሎም ስለሚጻፍ፣ ቁመቱና ኪሎው የተለያየ ሳይዝ ካመለከቱ ትልቁን ውሰዱ።

ሰልባጅ ከሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም። ጽሑፉ ተቆርጧል ወይ ታጥቦ ጠፍቷል፣ ጥጡም ቀድሞውኑ ገብቷል። ለዚህ የማውቀው ጥሩ ዘዴ አንድ ነው፤ አሁን ልክ የሆነውን ሱሪና ሸሚዝ በፌስታል ይዞ መሄድና ክምሩ ላይ ደርቦ ማየት። ሻጮቹ ይስቁ ይሆናል። ይሳቁ።

«ያድግበታል»

ይህችን ቃል ያላለ ወላጅ የለም። ለሹራብና ለጃኬት ትክክል ናት፤ እጅጌው ይታጠፋል። ችግሩ ሁሉም ነገር ላይ ስናውላት ነው። መቆም የጀመረ ልጅ የሚጎተት ሱሪ ጠልፎ ይጥለዋል። ለተኛ ሕፃን ደግሞ ሰፊ አንገትና ሰፊ ኮፍያ ፊቱ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ይህ የትንፋሽ ጉዳይ ስለሆነ ቀልድ የለበትም። የባሕር ዳር አየርም አይፈቅድም። ለሚቀጥለው ዓመት ተብሎ የተገዛ ወፍራም ቱታ ልክ የሚሆነው ሚያዝያ ላይ ከሆነ ማን ይለብሰዋል?

በተቃራኒው ያጠረ ሱሪም አይናቅ። ጣና ዳር ሲመሽ ትንኟ የምትፈልገው ቁርጭምጭሚት ነው፤ በተለይ ከክረምት መውጫ ጀምሮ።

አንቀልባን መርሳት

ይህን የትኛውም የሳይዝ ሰንጠረዥ አይነግራችሁም። እግሩ ተዘግቶ የተሰፋ ሙሉ ልብስ የሚለካው ተጋድሞ ለሚተኛ ሕፃን ነው። ሲታዘል እግሩ ይከፈታል፣ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ጨርቁ ወደ ላይ ይሳባል፣ ጣቶቹም ይጨመቃሉ። ሕፃኑ ጀርባ ላይ ብዙ የሚውል ከሆነ እግር ያለውን ልብስ አንድ ሳይዝ ጨምሩ፤ ወይም እግሩ ክፍት የሆነውን ግዙና ካልሲ አድርጉለት።

የአሜሪካ ፒጃማ ጠበበ ብሎ ሁለት ቁጥር መዝለል

ሸሚዙ ልክ የሆነለት ልጅ በዚያው ቁጥር ፒጃማው ሲጠበው ሰው ሻጩን ይጠረጥራል። ጥበቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። በአሜሪካ ሕግ ከ9 ወር በላይ የሆነ የልጅ ፒጃማ ወይ እሳት የሚቋቋም ጨርቅ መሆን አለበት፣ ወይ ሰውነት ላይ ልጥፍ ማለት አለበት። የጥጥ ፒጃማ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን መንገድ ይከተላል፣ ምክንያቱም ሰፊ ጨርቅ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። ከሰል ምድጃ መሬት ላይ ተቀምጦ ቡና በሚፈላበት ቤት ይህ ለእኛም ይሠራል። አንድ ቁጥር ብትጨምሩ ይበቃል።

«24 ወር» እና «2ቲ» አንድ ናቸው ማለት

«ቲ» ያለው የአሜሪካ ቁጥር ለሚራመድ ልጅ ነው። ረዘምና ቀጠን ይላል፣ መቀመጫው ላይ የዳይፐር ቦታ አይተውም። ዳይፐር ገና ያልተወ ልጅ «24 ወር» ይሻለዋል።

ውጭ አገር ላለ ዘመድ «አንድ ዓመት ሊሆነው ነው» ብሎ መላክ

አክስት ደግ ናት፤ ሜኒሶታ ሆና በወሩ ትገዛለች። ሐምሌ ላይ ስድስት ወር የነበረው ልጅ ሻንጣው ለጥምቀት ሲደርስ በአማካይ 8 ሴንቲ ሜትር ጨምሯል። አውሮፓ ውስጥ አንድ ሳይዝ 6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ልብሱ ሳይለበስ አለፈው ማለት ነው። ስለዚህ የዛሬውን ቁመት በሴንቲ ሜትር ንገሯት፣ ሻንጣው መቼ እንደሚደርስም ጨምሩ። በእነሱ ክረምት ሱቁ የሞላው በወፍራም ልብስ ስለሆነ «ስስ ጥጥ» ማለትም አይከፋም።

ለክርስትና አንድ ዓይነት መግዛት

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው ክርስትና የሚነሱት። በ40 ቀኑ ወንዱ በአማካይ 56 ሴንቲ ሜትር፣ በ80 ቀኗ ሴቷ 59 ገደማ ትሆናለች። ለእሱ 56፣ ለእሷ 62 ማለት ነው። ክርስትና እናቶች «ከ0 እስከ 3 ወር» የሚለውን ለሁለቱም ሲያነሱ፣ የእሱ ነጭ ልብስ ከእግሩ አልፎ ይንጠለጠላል።

አራስ ጥየቃ ስትሄዱ ግን የጨቅላ ሳይዝ አትውሰዱ። ሁሉም ሰው እሱን ይዞ ይመጣል፣ ሕፃኑም በሦስት ወሩ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። 68 ወይም 74 ያለበትን ውሰዱ፣ እናቲቱ በኋላ ታመሰግናችኋለች።

ሳይሞክሩ ማጠብ

አዲስ ጥጥ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይገባል። ስለዚህ ገና ሲለበስ ልክክ ካለ ከታጠበ በኋላ ያጥራል። ከመክፈላችሁ በፊት «ካልሆነ እቀይራለሁ» በሉ፣ ጽሑፉን አትቁረጡ፣ ቤት ደርሳችሁ መጀመሪያ አልብሱት። ልክ ካልሆነ በማግስቱ መልሱት።