ለድምፅ አልባ አስፈሪ ፊልም፦ ቀዩን ቀለም አጥፉት

የድሮ ድምፅ አልባ ፊልም የሚመስል አስፈሪ ፊልም የምትሠሩ ካላችሁ፣ ቀለሙን በአንድ ጠቅታ ወደ ጥቁርና ነጭ አትቀይሩት። ግራጫ ይሆናል እንጂ የዚያን ዘመን መልክ አያመጣም።

ይልቅ በኤዲቲንግ ሶፍትዌራችሁ ላይ ቻናል ሚክሰር የሚለውን (የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊን መጠን ለየብቻ የምታስተካክሉበትን) ክፈቱና ሞኖክሮም፣ ማለትም ጥቁርና ነጭ፣ አድርጉት። ከዚያ ቀዩን ወደ 0 አውርዱ፤ አረንጓዴውን 40፣ ሰማያዊውን 60 ገደማ ላይ አድርጉት። ከንፈር ይጠቁራል። ከዓይን ሥር ያለው ጥላ ይጎላል። ሰማያዊ ዓይን ደግሞ ነጣ ብሎ የሙት ዓይን ይመስላል። ቀይ የውሸት ደም እንደ ሬንጅ ጥቁር ሆኖ ቁጭ ይላል፤ እኔ ከሁሉም የወደድኩት ይሄን ነው።

ለምን ይሠራል? በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ በብዛት ይቀረጽበት የነበረው ኦርቶክሮማቲክ ፊልም ቀይ ብርሃንን አያይም ነበር። ቀይ ነገር ሁሉ ጠቁሮ ይወጣል። እናንተም ካሜራውን ለቀይ ዕውር አደረጋችሁት ማለት ነው።

ጠይም ወይም ጥቁር ተዋናይ ካላችሁ ፊቱ ከልክ በላይ ይጨልማል። ሲቀረጽ ፊቱ ላይ ብርሃን ጨምሩ፤ ቀረጻው ካለፈ ደግሞ ቀዩን ወደ 15 መልሱት።

በቢጫ አምፖል የተቀረጸ ምስል ላይ ግን አትሞክሩት። የቢጫ አምፖል ብርሃን ሰማያዊ ስለሚያንሰው ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላባችኋል። ገና ካልቀረጻችሁ ነጭ መብራት ተጠቀሙ።