ፍሪጁ እምቢ ያለው መኪናው ዘመም ስላለ ነበር

ጡረታ ወጥተን የቨርጂኒያውን ቤት ከሸጥን ወዲህ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አርቪ ውስጥ፣ ማለትም እንደ ቤት በተሠራ መኪና ውስጥ ነው። ብርዱን ሽሽት አሪዞና፣ ኳርትዝሳይት በረሃ ላይ ቆምን። በሦስተኛው ቀን ቅቤው ቀልጦ፣ እንጀራው ሻግቶ አገኘነው። ፍሪጁ የሚሠራው በጋዝ እሳት ነው። ጋዝ አለ፣ እሳቱም ይነዳል፤ ፍሪጁ ግን ሙቅ ነው። የጠራሁት ጠጋኝ "ሙሉውን ቀይረው" አለኝ። ዋጋውን ስሰማ አመስግኜ ሸኘሁት።

የኛ ዓይነቱ ፍሪጅ ኮምፕረሰር የለውም። እሳቱ ውሃና አሞኒያ ያፈላል፤ አሞኒያው ተንኖ ይወጣና ፈሳሽ ሆኖ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። መኪናው ካዘመመ ፈሳሹ ቧንቧው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። የግንበኛ ውሃ ልክ ፍሪጁ ውስጥ ባስቀምጥ አረፋዋ ጥግ ይዛለች!

ፍሪጁን አጠፋሁ። ዝቅ ባለው በኩል ከጎማዎቹ ፊት ጣውላ አንጥፌ፣ አረፋዋ መሃል እስክትገባ ቀስ ብዬ ነዳሁበት። አሳድሬ ጠዋት ለኮስኩት። ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ በየሰዓቱ በሩን እየከፈትኩ ባለቤቴን አናደድኳት እንጂ። ማታ ላይ በረዶ ሠራ። እንዳዘመመ ለረጅም ጊዜ ቢሠራ ኖሮ ግን ቧንቧው ለዘለቄታው ሊደፈን ይችል ነበር። አሁን የትም ስንቆም ጀበና ከመጣዱ በፊት ውሃ ልኳ ትወጣለች።