የስበት ሞገድን ጎጃም ተቀምጦ በራስ እጅ ማውጣት

መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50 ላይ አንድ የስበት ሞገድ፣ ማለትም ከባድ አካላት ሲንቀሳቀሱ በኅዋ ውስጥ የሚነሣ መናወጥ፣ ምድርን አቋርጦ አለፈ። ደብረ ማርቆስንም፣ ሞጣንም፣ ጮቄ ተራራንም። ማንም አልተሰማውም። አሜሪካ ያሉት ሁለቱ የላይጎ (የስበት ሞገድ መፈለጊያ) ጣቢያዎች ግን 4 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ክንዳቸው ውስጥ በሚመላለስ ሌዘር ያዙት። መረጃው ለማንም በነፃ ክፍት ነው። ተማሪም ሁኑ አስተማሪ፣ ሌላው የሣለውን ከማየት ራሳችሁ አውጡት፤ በጣም ይለያል።

ጎግል ኮላብን (በኢንተርኔት ላይ ኮድ የሚጻፍበትን የጎግል ገጽ) ክፈቱና ጂደብሊውፓይ (GWpy) የሚባለውን የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ላይብረሪ ጫኑ። ስሌቱ የጎግል ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራ ላፕቶፓችሁ ቢያረጅም ችግር የለውም። ኔት ግን ይፈልጋል፤ ደህና በሚሆንበት ሰዓት ጀምሩ።

ከዚያ የጂደብሊው150914ን (GW150914፣ የዚያ ሞገድ ስም ነው) የ32 ሰከንድ መረጃ ከሁለቱም ጣቢያዎች፣ ከሃንፎርድና ከሊቪንግስተን፣ አውርዱ። እንዳለ ብትሥሉት ምንም አይታይም፣ ሁሉም ጫጫታ ነው። ከ50 እስከ 250 ኸርዝ ያለውን (በሰከንድ ከ50 እስከ 250 ጊዜ የሚወዛወዘውን) ብቻ አስቀሩ። 60፣ 120 እና 180 ኸርዝንም አውጡ፤ የአሜሪካ መብራት በ60 ኸርዝ ስለሚሠራ (የእኛ በ50 ነው) መረጃው ውስጥ ይገባል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ሞገዱ ሃንፎርድ የደረሰው ከሊቪንግስተን 7 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። የሃንፎርዱን በዚያው ልክ አስቀድሙት፣ የመሣሪያዎቹ አቅጣጫ ስለሚለያይም ላዩን ወደ ታች ገልብጡት፣ ከዚያ ሁለቱን ደርቡ። 3,000 ኪሎ ሜትር የተራራቁ ጣቢያዎች አንድ ዓይነት መስመር ሲሥሉ ታያላችሁ። አንድ ጣቢያ ብቻ ቢሆን የመሬት ንዝረት ነው ብሎ መከራከር ይቻል ነበር። ይህችን ደረጃ እንዳትዘሏት!

መስመሩን አንብቡት። በ0.2 ሰከንድ ውስጥ ድግግሞሹ ከ35 ወደ 250 ኸርዝ ይሮጣል (ከ50 በታች ያለውን ስላወጣችሁት መጀመሪያው ደብዝዞ ነው የሚታየው)፤ ሁለት ብላክ ሆሎች (ስበታቸው ብርሃንን እንኳ የማያስወጣ አካላት) እየተዟዟሩ፣ እየፈጠኑ፣ በመጨረሻ ሲዋሐዱ ማለት ነው። አጨማመሩ ክብደታቸውን ይነግረናል፦ አንዱ የፀሐይን 36 እጥፍ፣ ሌላው 29 እጥፍ። ከውህደቱ የቀረው ግን 62 ነው። የጎደለው 3 ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሞገድ ሆኖ ወጣ። የሞገዱ ጥንካሬ ደግሞ ርቀቱን ይነግራል፣ 1.3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ። ብላክ ሆሎቹ ብርሃን ስለማይሰጡ በቴሌስኮፕ ይህን ሁሉ ማወቅ አይታሰብም ነበር።

ቀጥሎ ሌላ ሞገድ፣ ጂደብሊው170817ን (GW170817) ሞክሩ። ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. የተያዘ የሁለት ኒውትሮን ኮከቦች (ትልቅ ኮከብ ሲሞት የሚቀሩ፣ እጅግ የታመቁ አካላት) ግጭት ነው። ሞገዱ ካለፈ ከ1.7 ሰከንድ በኋላ ጋማ ጨረር መጣ፣ ቴሌስኮፖችም ተከትለው ብርሃኑን አዩ፤ ወርቅን የመሰሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች እንዲህ ባለ ግጭት እንደሚፈጠሩ ከዚያ ታወቀ። የሊቪንግስተኑ መረጃ ላይ አንድ ትልቅ የመሣሪያ ኮሽታ ስላለ በሃንፎርዱ ጀምሩ።