«ሲስተሙ ነው እንዲህ ያለው»፦ ኤአይ መሥሪያ ቤት ሲገባ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

«ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ሁላችንም ለምደነዋል። ተሰልፈህ፣ ፎቶ ኮፒህን ይዘህ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ሲስተም የለም ትባላለህ። ያናድዳል። ግን ቢያንስ ነገ ተመልሰህ ትሞክራለህ።

አሁን እየመጣ ያለው ሌላ ነው። ሲስተሙ አለ፤ ወስኗልም። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ግን ለምን እንደወሰነ አታውቅም። ብታውቅም መቀየር አትችልም።

ይህን የጻፍኩት ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ነው፦ ለክፍል ኃላፊው፣ ለአይቲው ልጅ፣ ለቅሬታ ሰሚው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በአጭሩ ኤአይ፣ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ አይጠፋም። ሲበላሽ ነው ሰው የሚጠፋው። ከውጭ አገር ብዙ ምሳሌ የወሰድኩት ቀድመው ስለገቡበትና ቀድመው ስለተቃጠሉ ነው። ዓመቶቹ፣ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአዋጆቹ ቁጥር ላይ ያሉት ግን በእኛ ነው።

ምልክት፦ «ለምን?» ሲባል መልስ የሚሰጥ የለም

ባለጉዳዩ ተከልክሏል። ምክንያቱን ይጠይቃል። «ሲስተሙ አልተቀበለውም» ይባላል። አለቃው ጋ ይገባል። አለቃውም ስክሪኑን አይቶ ያንኑ ይደግማል።

መንስኤው ብዙ ጊዜ ማሽኑ ውስጥ አይደለም። ሲስተሙ ሲገዛ ውሳኔው የማን እንደሆነ ማንም በወረቀት አላሰፈረም። አይቲው «እኛ ሰርቨሩን ነው የምናየው» ይላል። ሻጩ «እኛ ነጥብ ብቻ ነው የምንሰጠው፣ የሚወስነው መሥሪያ ቤቱ ነው» ይላል። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሲስተሙ ወሰነ ይላል።

የአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት ይህን እስከ ጥግ ሄዳበታለች። ከ2013 መጨረሻ እስከ 2015 ሚዳስ የተባለ ሲስተም የሥራ አጥ ድጎማ የወሰዱ ሰዎችን በማጭበርበር ይወነጅል ነበር። መጠይቁን የሚልከው ብዙዎቹ መክፈት ወዳቆሙት የኦንላይን ገጽ ነው። መልስ ካልመጣ ሰውየው አጭበርባሪ ይባላል፤ ገንዘቡን ከአራት እጥፍ ቅጣት ጋር ይጠየቃል። ሰው እጁን ሳያስገባ የተወሰኑ 22,427 ፋይሎች በኋላ ሲመረመሩ፣ 93 በመቶዎቹ ላይ ማጭበርበር የሚባል ነገር አልተገኘም። ከመቶ ሰባቱን ብቻ የሚያገኝ ሠራተኛ ወር አይቆይም ነበር። ማሽን ስለሆነ ሁለት ዓመት ገደማ ሠራ።

መፍትሄው ከስም ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ዓይነት ውሳኔ አንድ የሥራ መደብ ይሰየም፤ ደብዳቤው በዚያ ሰው ፊርማ ይውጣ። አገራችን ውስጥ ይህ በጎ ፈቃድ አይደለም። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ይጠይቃል። «ሲስተሙ አልተቀበለውም» ብሎ ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው ካለ ድፍረቱን አደንቃለሁ።

ቀጥሎ፣ ያ ሰው የመሻር ሥልጣን ይኑረው። ሲሽር ምክንያቱን ይጻፍ። በወሩ መጨረሻ ስንት ጊዜ እንደተሻረ ቁጠሩ። ከሺህ ውሳኔ አንድም ካልተሻረ ወይ ሲስተሙ ፍጹም ነው፣ ወይ ሠራተኛው ማህተም ሆኗል። እኔ ፍጹም ሲስተም አይቼ አላውቅም። ሠራተኛውን ግን አትውቀሱት። ሽሮ ቢሳሳት ጣት የሚቀሰረው እሱ ላይ ነው። ዝም ብሎ ቢያሳልፍ ማንም አይጠይቀውም። ይህን ሳታስተካክሉ «ሰው አስቀምጠናል» ብትሉ፣ ያስቀመጣችሁት ወንበር ነው።

ምልክት፦ ቅሬታው ከአንድ ወገን ብቻ ይመጣል

ቅሬታ ሰሚው መዝገቡን ሲያገላብጥ ስሞቹ ይመሳሰላሉ። ሰፈሩ አንድ ነው። ወይም ሁሉም አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው።

ኔዘርላንድ ውስጥ የግብር መሥሪያ ቤቱ ለሕፃናት ማቆያ የሚሰጥ ድጎማ ላይ አጭበርባሪ የሚለይ ሞዴል፣ ማለትም ከዳታ ተነስቶ ለሰው ነጥብ የሚሰጥ ፕሮግራም፣ ነበረው። ኔዘርላንዳዊ ዜግነት አለመኖር ከአደጋ ምልክቶቹ አንዱ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ፋይሉን የሚቀበለው ሠራተኛ ከፍተኛ ነጥብ ያያል እንጂ ነጥቡ ከየት እንደመጣ አያይም። የጎደለች ፊርማ ወይም ያልተከፈለች ትንሽ ሂሳብ የዓመታት ድጎማን ሙሉ በሙሉ ታስመልስ ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ዕዳ ውስጥ ገቡ፤ ትዳር ፈረሰ፣ ቤት ተሸጠ። በጃንዋሪ 2021 የማርክ ሩተ መንግሥት በዚሁ ጉዳይ ሥልጣን ለቀቀ።

«ዜግነትን ከፎርሙ ላይ እናውጣ» የሚለው የመጀመሪያው ሐሳብ ነው፤ አይበቃም። የአባት ስም፣ አድራሻና የተማሩበት ትምህርት ቤት አንድ ላይ ሲሆኑ ያንኑ ይናገራሉ። ሞዴሉ እንደ መንደር ወሬኛ ነው፤ ያልነገራችሁትን ከጎረቤት ይሰማል።

የሚሠራው ቁጥር መለየት ነው። ውድቅ የተደረጉትን በጾታ፣ በክፍለ ከተማ፣ በቋንቋ ከፋፍላችሁ አስቀምጡ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ሲስተሙ ያመለከተውን ሁሉ ሰው ይየው። በተጨማሪ ሲስተሙ «ደህና ነው» ካላቸው ፋይሎች ውስጥ በዕጣ እያወጣችሁ መርምሩ። አለበለዚያ የምትፈትሹት ሲስተሙ የጠረጠረውን ወገን ብቻ ነው፤ ጥፋትም እዚያው ብቻ ይገኛል፤ ሞዴሉም «አላልኳችሁም?» ይላል።

ምልክት፦ አንድ ሰው ሁለት ይሆናል፣ ሁለት ሰው አንድ ይሆናል

ይህኛው የራሳችን ነው፤ ከውጭ የመጣ መመሪያ ውስጥ አታገኙትም።

«ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት። ሥ ወይም ስ፤ ሁለት። ሴ ወይም ሤ፤ ሁለት። ተለያይቶ ወይም ተገጥሞ ይጻፋል፤ ሁለት። ስታባዙት 48 ይመጣል። ለእኛ ሁሉም አንድ ሰው ነው። ለማሽኑ አርባ ስምንት ሰው ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ቁጥሩን ተዉት።

የልደት ቀን ይጨመርበት። አንዱ ቢሮ በእኛ አቆጣጠር ይመዘግባል፣ ሌላው በፈረንጅ፣ ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚገልጽ ቦታ ግን ፎርሙ ላይ የለም። እኔ ራሴ አንድ ቢሮ ውስጥ በስምንት ዓመት ወጣት ሆኜ ተገኝቻለሁ፤ መስተካከሉ ትንሽ ቅር ብሎኛል። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ የትውልድ ቀናቸውን በውል ሳያውቁ ተመዝግበው፣ ብዙዎቹ ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ተብለዋል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወሰድም ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ የማይዛመዱ መስለው ይታያሉ። ሲስተሙ ይህን ሁሉ ሲያይ «ሐሰተኛ ማንነት» ብሎ ቀይ ያበራል።

መፍትሄው ሞዴሉን ከመንካት በፊት ዳታውን መንካት ነው። ለማመሳሰል ሥራ ብቻ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ አምጡ፤ ሰውየው የጻፈውን ስም ግን አትንኩበት፣ ስሙ የእሱ ነው። ከቀኑ ጎን የአቆጣጠር ምርጫ ይኑር። የፋይዳ ቁጥር ባለበት በስም አትፈልጉ። ከሁሉም በላይ፣ ስም አለመመሳሰል ብቻውን ማንንም አያስከልክል፤ ባለጉዳዩን ጠርታችሁ ጠይቁት። ሻጩ ዴሞ ሲያሳያችሁም በእሱ ምሳሌ አትርኩ። የራሳችሁን ቢሮ 200 የቆዩ ስሞች ይዛችሁ ቅረቡ፤ ከነስህተታቸው።

ምልክት፦ ባለጉዳዩ ንጹህነቱን እንዲያስረዳ ይጠየቃል

አውስትራሊያ ውስጥ ሮቦዴብት የሚባል፣ ድጎማ ከሚወስዱ ሰዎች ዕዳ የሚጠይቅ ሲስተም ነበር። ድጎማ የሚሰጠው በየሁለት ሳምንቱ ነው። ሲስተሙ ደግሞ ከግብር ቢሮ የዓመት ገቢን ወስዶ ለ26 ያካፍላል። ስድስት ወር ሥራ አጥ ሆኖ ስድስት ወር የሠራ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ የነበረ ይመስላል። ከዚያ «ትርፍ ወስደሃል፣ ካልተስማማህ የድሮ የደመወዝ ወረቀትህን አምጣ» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። ይህ እኮ ኤአይ እንኳ አይደለም፤ አራተኛ ክፍል የምንማረው ማካፈል ነው። በ2020 መንግሥት 721 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንደሚመልስ አስታወቀ።

መንስኤው ፕሮግራመሩ ጋ አይገኝም። ሲስተሙ ከመጀመሩ በፊት፣ በ2014፣ አካሄዱ ከሕጉ ጋር እንደማይሄድ የመንግሥት የሕግ ባለሙያዎች ጽፈው ነበር። ጽሑፉ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ስለዚህ መፍትሄው ቅደም ተከተል ነው፦ የሕግ ክፍሉ ከኮድ በፊት አስተያየቱን ይስጥ፣ ኃላፊው አልቀበልም ካለ ለምን እንደሆነ ጽፎ ይፈርም። ዕዳ አለብህ የሚለው መሥሪያ ቤቱ ከሆነ፣ የሚያስረዳውም መሥሪያ ቤቱ ነው።

ምልክት፦ ደብዳቤው ውስጥ የሌለ አዋጅ ተጠቅሷል

አማርኛው ያምራል። አንቀጹ ተዘርዝሯል። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ስትፈልጉት የለም። ሠራተኛው ቻትቦት፣ ማለትም ሲጠየቅ በጽሑፍ የሚመልስ ኤአይ፣ አስጽፎ ሳያነብ ፈርሟል። የኒው ዮርክ ከተማ በ2023 ለነጋዴዎች ያወጣችው ቻትቦት አሠሪ ከሠራተኛው ጉርሻ መካፈል ይችላል ብሎ መክሮ ነበር፤ ሕጉ ይከለክላል።

መከልከል ብዙም አይሠራም፤ ሰው በራሱ ስልክ ይጠቀማል። አንድ ገጽ መመሪያ ይበቃል፦ የተጠቀሰ ቁጥር ሁሉ ከምንጩ ይታይ፤ የባለጉዳይ ስም፣ የሕክምና ወረቀትና የባንክ ሂሳብ ቻትቦት ውስጥ አይገባ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ «አላወቅኩም ነበር» የሚለው መልስ ዋጋው ጨምሯል።

ምልክት፦ ሻጩ «የንግድ ምስጢር ነው» ይላል

ውሉን ከፈረማችሁ በኋላ ከሆነ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ውሉ ሲታደስ እነዚህን አስገቡ፦ ለእያንዳንዱ ውሳኔ መዝገብ መያዝ፣ ገለልተኛ መርማሪ የመላክ መብት፣ ውሉ ሲያልቅ ዳታው ተመልሶ መምጣቱ። እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ምልክት፦ እየተበላሸ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ የሚያጠፋው ግን የለም

እንግሊዝ በ2020 በኮቪድ ምክንያት ፈተና ሳይሰጥ ቀርቶ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት በቀመር ተሰላ። መምህራን ከገመቱት ውጤት 40 በመቶ ገደማው ዝቅ አለ። ተማሪ ጥቂት የሆነባቸው ክፍሎች፣ በግል ትምህርት ቤቶች ይበልጥ የሚበዙት፣ የመምህሩ ግምት ስለተወሰደላቸው ተጠቀሙ። ውጤቱ የወጣው ኦገስት 13 ነው። ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። ኦገስት 17 ቀመሩ ተሻረ። አሳፋሪ ነበር፤ ግን አራት ቀን ነው።

አራት ቀን እንዲሆን ሦስት ነገር አስቀድሞ ይጻፍ። ማን ያጠፋዋል? በስም ወይም በመደብ። ስንት ስህተት ሲገኝ? ቁጥሩን አሁን ወስኑ፤ ያኔ ሁሉም ሰው ሰበብ ይኖረዋል። ሲጠፋ ሥራው በምን ይቀጥላል? የድሮውን ፎርምና የድሮውን አሠራር የሚያውቅ ሰው ከጡረታ በፊት ለወጣቶቹ ያሳይ። በዓመት አንድ ቀን፣ ባለጉዳይ በማይበዛበት ሳምንት፣ ሲስተሙን አጥፍታችሁ ሞክሩት። ያን ቀን መስኮቱ ላይ «ሲስተም የለም» ተብሎ የሚመለስ ባለጉዳይ ካለ ሥራው ገና አላለቀም።