የሬስሊንግ ፋንታሲ ድራፍት፦ የምርጫ አማካዩ ሲዋሽ

በደብሊው ደብሊው ኢ (የአሜሪካው የሬስሊንግ ድርጅት) ፋንታሲ ድራፍት፣ ማለትም የሊጉ አባላት በየተራ ሬስለር በሚመርጡበት ጨዋታ፣ ማን በስንተኛ ተራ እየተወሰደ እንደሆነ በኤክሴል ወይም በጎግል ሺትስ የምትከታተሉ ከሆነ፣ ስህተቱ ብዙውን ጊዜ ያለው ቀመሩ ላይ ሳይሆን አመዘጋገቡ ላይ ነው። ከፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ የመጣ ሰው አንድ ነገር ይያዝ፦ እዚህ አንድ ሬስለር በአንድ ሊግ የአንድ ሰው ብቻ ነው። የሚታየው ስንት ሰው እንደያዘው ሳይሆን ስንተኛ ላይ እንደተወሰደ ነው።

ማንም የማይፈልገው ሬስለር ከላይ ቁጭ ብሏል
ምክንያት፦ ያልተመረጠባቸው ድራፍቶች ባዶ ቀርተዋል፤ የአማካይ ቀመር ደግሞ ባዶ ሴል አይቆጥርም። 8 ሰው በ6 ዙር 48 ምርጫ ያደርጋል እንበል። ከ10 ድራፍት በ2ቱ ብቻ 8ኛ ሆኖ የተወሰደ ሬስለር አማካዩ 8 ይሆንና፣ በ10ሩም 12ኛ የተወሰደውን ይቀድማል።
መፍትሄ፦ ባዶውን ሁሉ በ49 ሙሉት። አማካዩ ወደ 40.8 ይወርዳል። 49 ግን ለመሙያ የገባ ቁጥር ስለሆነ ከጎኑ «ከ10 በ2» ብላችሁ ጻፉ።

ከ2ኛው ዙር ጀምሮ ተራው ይዛባል
ምክንያት፦ ድራፍቱ እየተመላለሰ የሚሄድ ነው፤ በተጋማሽ ቁጥር ዙሮች (2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ) መጨረሻ የነበረው መጀመሪያ ይመርጣል።
መፍትሄ፦ በተጋማሽ ቁጥር ዙር፣ የዙሩን ቁጥር በሰው ብዛት አባዙ፣ የመራጩን ቁጥር ቀንሱ፣ 1 ደምሩ። በ8 ሰው ሊግ የ3ኛው መራጭ ሁለተኛ ምርጫ 14ኛ ነው እንጂ 11ኛ አይደለም።

አንዱ ሬስለር ሁለት ቦታ ይወጣል
«ሮድስ» እና «ሮድዝ» ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናቸው። የመድረክ ስምም ይቀየራል፦ ጉንተር እስከ 2022 መጀመሪያ ዋልተር ነበር። ለእያንዳንዱ መለያ ቁጥር ስጡ፣ ስሙም ከተቆልቋይ ዝርዝር ብቻ ይመረጥ። ሊጋችሁ ታግ ቲምን (በቡድን የሚጋጠሙ ሬስለሮችን) እንደ አንድ ምርጫ የሚቆጥር ከሆነ ቡድኑ የራሱ ቁጥር ይኑረው፤ ለአባላቱ አታከፋፍሉት።

ዜናው ወጥቷል፣ አማካዩ ግን ንቅንቅ አላለም
ሬስለሩ ሲኤም ፓንክ በጃንዋሪ 27፣ 2024 ሮያል ራምብል በተባለው ውድድር ላይ ትራይሴፕሱ (የክንዱ ጡንቻ) ተጎድቶ ከዓመቱ ትልቁ ዝግጅት ከሬስልማኒያ ውጭ ሆነ። እንደዚህ ዓይነት ሬስለር ከጉዳቱ በፊት በ20 ድራፍት 3ኛ፣ ከጉዳቱ በኋላ በ5 ድራፍት 40ኛ ቢወሰድ አማካዩ 10.4 ይሆናል። በ10ኛ የወሰደው ሰው ግን አንድም የለም!
መፍትሄ፦ የጉዳቱን ወይም የቀበቶ (የሻምፒዮንነት) ለውጡን ቀን መቁረጫ አድርጋችሁ ሁለቱን ለየብቻ አስሉ፤ ለቀጣዩ ድራፍት የኋለኛውን ብቻ ተጠቀሙ። ድራፍቶቹ ጥቂት ከሆኑ ከአማካይ ይልቅ መሃለኛውን ቁጥር (ሚዲያን፦ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) እዩ። ቀን ስትጽፉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ብቻ ይሁን፤ አንዱ 2016 ሌላው 2024 ብሎ ከመዘገበ መቁረጫው ፋይዳ የለውም።

የ8 እና የ12 ሰው ሊግ ተቀላቅሏል
12ኛ ምርጫ በአንዱ ሁለተኛ ዙር፣ በሌላው የመጀመሪያው ዙር ማብቂያ ነው። ሁለቱን በተለያየ ሺት ያዙ። መራጩ ድራፍቱን ጥሎ ወጥቶ ሲስተሙ በራሱ የመረጠለትን ደግሞ ከነጭራሹ አታስገቡ።